ወላጆች የመንግሥት ድጎማ እንዲያገኙ፦ በእንግሊዝ አገር ቻይልድማይንደር ሆኖ የመመዝገብ መመሪያ

«የጓደኛዬን ልጅ ቤቴ እይዛለሁ። አሁን ሥራ ስለጀመረች መንግሥት ለልጅ መያዣ ያግዝሻል አሏት። ያ እርዳታ እኔ ጋ ይሠራል ወይ?»

ይህ ጥያቄ ሳይመጣልኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። በዋትሳፕ ይመጣል፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጃፍ ላይ ይመጣል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ስቀበል ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሰው በድምፅ መልእክት ስመልስ አንድ ነገር መዝለሌ አይቀርም። ያቺ የተዘለለች ነገር ደግሞ ሰውን ወራት ታስጠብቃለች። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ ጻፍኩት። ቻይልድማይንደር ማለት ገንዘብ እየተቀበለ የሰው ልጅ በቤቱ የሚይዝ ሰው ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። የልጅ መያዣ ድጎማ የሚሠራው የተመዘገበ ሰው ጋ ብቻ ነው። የቱንም ያህል ልጅ አያያዝ ብትችሉበት፣ ወላጆቹ የቱንም ያህል ቢያምኗችሁ፣ የምዝገባ ቁጥር ከሌላችሁ ለእናንተ ከከፈሉት አንድ ፔኒ አይመለስላቸውም።

የምጽፈው ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው። በእንግሊዝ መዝጋቢው ኦፍስቴድ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ መዝጋቢውም ደንቡም ሌላ ነው። እዚያ ያላችሁ ይህን መመሪያ አትከተሉ።

መመዝገብ ያለበት ማነው?

አራት ነገሮችን ተመልከቱ። ልጁ ከ8 ዓመት በታች ነው? የምትይዙት በራሳችሁ ቤት ነው? በቀን ከ2 ሰዓት በላይ ነው? ገንዘብ ትቀበላላችሁ? አራቱም «አዎ» ከሆኑ መመዝገብ ግዴታ ነው። ሳይመዘገቡ መሥራት ሕግ መጣስ ነው፤ ፍርድ ቤት ሊያቀርብ ይችላል።

ዘመድ ከዚህ ነጻ ነው። ግን እዚህ ላይ እኛ ብዙ እንሳሳታለን። የጓደኛችን ልጅ «አክስቴ» ይለናል። አብሮ አደግ የሆነችው ልጅም «እህቴ» ናት። ሕጉ ግን ዘመድ የሚለው አያትን፣ አክስትን፣ አጎትን፣ ወንድምንና እህትን ነው፤ በሥጋ ወይም በጋብቻ። የአክስታችሁ ልጅ የወለደችው ሕፃን በሕጉ ዘመዳችሁ አይደለም። ለሱ ገንዘብ ከተቀበላችሁ መመዝገብ አለባችሁ።

ተቃራኒውንም እወቁት። የእህታችሁን ልጅ ብትይዙ፣ ተመዝግባችሁም ቢሆን ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ለዚያ ልጅ የነጻ ሰዓት ክፍያ፣ ማለትም መንግሥት ለወላጅ የሚሸፍነውን የልጅ መያዣ ሰዓት፣ አይከፍላችሁም። ይህን ሳያውቁ በእህታቸው ልጅ ተማምነው ሥራ ለመጀመር ያሰቡ አሉ። መጀመሪያ የሌላ ቤተሰብ ልጅ መኖሩን አረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያ ስለ ቪዛ። ቻይልድማይንደር በግሉ የሚሠራ ሰው ነው፤ ቀጣሪ የለውም። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ በግል መሥራትን መፍቀዱን አንድ ሳንቲም ከማውጣታችሁ በፊት አረጋግጡ። ለምሳሌ የተማሪ ቪዛ አይፈቅድም። የጥገኝነት ውሳኔ እየጠበቃችሁ የሥራ ፈቃድ ያገኛችሁም፣ ፈቃዱ የግል ሥራን አይጨምርም።

አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት

- ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ማስረጃ
- የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር
- ባለፉት 5 ዓመታት የኖራችሁባቸው አድራሻዎች በሙሉ፣ ከገባችሁበትና ከወጣችሁበት ቀን ጋር
- ቤታችሁ የሚኖር ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሁሉ ስምና የልደት ቀን
- ስለ እናንተ የሚመሰክሩ 2 ሰዎች ስም፣ ስልክና ኢሜይል
- የሕፃናት የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሰርተፊኬት
- የዲቢኤስ (የወንጀል መዝገብ ምርመራ) ቁጥር
- የኦፍስቴድ የጤና መግለጫ ቡክሌት
- ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ከዩናይትድ ኪንግደም ውጭ ከኖራችሁ፣ ከዚያ አገር ኤምባሲ የመልካም ጠባይ ማስረጃ
- ተከራይ ከሆናችሁ የአከራያችሁ የጽሑፍ ፈቃድ
- በየቀኑ የምትከፍቱት ኢሜይል

የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች። ኦፍስቴድ የሚያነጋግራችሁ በኢሜይል ነው። ልጃችሁ ከፍቶላችሁ የይለፍ ቃሉን የረሳችሁትን አካውንት አትስጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር፤ ስም። የእኛ ስም በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት መንገድ አይጻፍም። የእኔ ስም ፓስፖርቴ ላይ በ«ዋይ» ያልቃል፤ የባንክ ካርዴ ላይ በ«አይ» ያልቃል። የውሃ ቢሉ ላይ ደግሞ በባለቤቴ ስም ተጠርቻለሁ። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ ከእኛ አቆጣጠር ሲመለስ የተዛባ ብዙ ሰው አለ። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ሰነዶቻችሁን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። የተለየውን በፓስፖርቱ መሠረት አስተካክሉ። እኔ ይህን ስላላደረግሁ የዲቢኤስ ማመልከቻዬ ተመልሶ እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ።

ደረጃ 1፦ ካውንስላችሁን አነጋግሩ

ወደ ካውንስሉ ደውላችሁ «ቻይልድማይንደር መሆን እፈልጋለሁ፤ ከኧርሊ ይርስ (የትንንሽ ልጆች) ቡድን ጋር አገናኙኝ» በሉ። ብዙ ካውንስሎች የመግቢያ ስብሰባ ያደርጋሉ፤ ሥልጠናም በነጻ ወይም በቅናሽ የሚሰጡ አሉ። ከዚህ መጀመር ጥቅሙ በራሳችሁ ገንዘብ ኮርስ ገዝታችሁ በኋላ «ይህን እኛ በነጻ እንሰጥ ነበር» እንዳትባሉ ነው። ደግሞም የነጻ ሰዓቱን ገንዘብ ወደፊት የሚከፍላችሁ ይኸው ቡድን ነው። ቀድመው ቢያውቋችሁ ጥሩ ነው።

ኦፍስቴድን ትታችሁ በቻይልድማይንደር ኤጀንሲ በኩል መመዝገብም ይቻላል። ኤጀንሲው ክፍያ ይቆርጣል፤ ድጋፍም ይሰጣል። ከዚህ በታች ያለው በኦፍስቴድ ለሚመዘገቡ ነው።

ደረጃ 2፦ ዲቢኤስ፣ ለራሳችሁም ለቤተሰቡም

ብዙ ሰው የሚዘገየው እዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አስጀምሩት።

የሚያስፈልገው «ኢንሃንስድ» የሚባለው ነው፤ ከልጆች ጋር እንዳይሠሩ የታገዱ ሰዎች ዝርዝር የተጨመረበት። ማመልከቻው ኦፍስቴድ በሚጠቀምበት የኦንላይን አገልግሎት በኩል ይሞላል።

ብዙዎቻችን በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ላይ ስለነበርን ዲቢኤስ አለን። «ያለኝ አይበቃም ወይ?» ትሉኛላችሁ። አይበቃም። ያ የወጣው ከአዋቂዎች ጋር ለመሥራት ነው። የልጆቹ ዝርዝር አልታየበትም፤ የቤታችሁ አድራሻም አልተመረመረበትም።

አሁን ወደ ቤታችሁ ሰዎች እንምጣ። 16 ዓመት የሞላው ሁሉ መመርመር አለበት፤ ባል፣ ትልቁ ልጅ፣ አንድ ክፍል የተከራየው ሰው፣ ከአገር ቤት የመጣችው እናት። «ለጊዜው ነው ያረፈው» የምንለው የአጎት ልጅ ሶፋ ላይ ለወራት ካደረ ኦፍስቴድ ዘንድ የቤቱ ነዋሪ ነው። አንዲት እህት ሁሉን አሟልታ ወንድሟን «እንግዳ ነው» ብላ ሳትጽፈው ቀረች። ኢንስፔክተሯ ለጉብኝት ስትመጣ ኮሪደሩ ላይ የወንድ የሥራ ጫማ አይታ «የማነው?» ብላ ጠየቀች። ማመልከቻው እዚያው ቆመ። ልብ በሉ፣ የወንድሟ ምርመራ ንጹሕ ሆኖ ነው የወጣው። ያዘገያት ያለመጻፉ ነው።

ይህ ለምን ይጠየቃል? ልጁ የሚውለው ከእናንተ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከቤቱ ጋር ነው። ወላጅ ሆናችሁ አስቡት።

ሰርተፊኬቱ በፖስታ ሲደርሳችሁ፣ ላዩ ላይ ከተጻፈው የወጣበት ቀን ጀምሮ ባለው 30 ቀን ውስጥ «አፕዴት ሰርቪስ» ላይ ተመዝገቡ፤ ዲቢኤሱ ወቅታዊ ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርግ አገልግሎት ነው። ዓመታዊ ክፍያ አለው። 30 ቀኑ ካለፈ በዚያ ሰርተፊኬት መመዝገብ አይቻልም፤ አዲስ ዲቢኤስ ማውጣት ይመጣል።

ደረጃ 3፦ የሕፃናት የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ

ሙሉው ኮርስ 12 ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜ በሁለት ቀን ያልቃል። የ6 ሰዓቱ ኮርስ ርካሽ ስለሆነ ሰው ይገዛዋል፤ ለቻይልድማይንደር ግን አያገለግልም። ከመመዝገባችሁ በፊት የ12 ሰዓቱ ሰርተፊኬት በእጃችሁ መሆን አለበት። በየ3 ዓመቱ ይታደሳል።

ሙሉ በሙሉ በስልክ ላይ የሚያልቅ ኮርስም አትግዙ። ምግብ ያነቀውን ሕፃን ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጀርባውን በመዳፋችሁ ግርጌ መምታት በአሻንጉሊት ሳትለማመዱት በቪዲዮ ብቻ አይገባም። የምር ቀን የመጣ ዕለት የሚያስታውሰው እጃችሁ ነው።

ደረጃ 4፦ ኢዋይኤፍኤስ እና ሴፍጋርዲንግ

ኢዋይኤፍኤስ ከልደት እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች መንግሥት ያወጣው የአያያዝና የትምህርት ደንብ ነው። ለቻይልድማይንደሮች ለብቻው የተዘጋጀ ሰነድ አለው፤ በመንግሥት ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል። የሙአለ ሕፃናቱን ሰነድ ይዛችሁ እንዳታነቡ። ርእሱ ላይ «ቻይልድማይንደርስ» የሚል መኖሩን እዩ።

አንብባችሁ የሚከብዳችሁ ከሆነ የካውንስሉን ኮርስ ውሰዱ። ኢንስፔክተሯ የምትፈትነው ማወቃችሁን ነው። ሴፍጋርዲንግ ማለትም ልጅን ከጉዳት የመጠበቅ ሥልጠናም ያስፈልጋል፤ ቢያንስ በየ2 ዓመቱ ይታደሳል።

ከደንቡ ውስጥ ቁጥሮቹን በቃላችሁ ያዙ። በአንድ ጊዜ ከ8 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከ6 መብለጥ የለባቸውም። ከነሱ ውስጥ ትንንሾቹ፣ ማለትም 5 ዓመት ከሞላቸው በኋላ የሚመጣው ሴፕቴምበር 1 ገና ያልደረሰላቸው ሁሉ፣ ከ3 አይበልጡም። ከ1 ዓመት በታች ደግሞ 1 ብቻ። ለወንድማማቾችና ለራሳችሁ ሕፃን የተለየ ሁኔታ ቢኖርም መነሻው ይህ ነው። የራሳችሁ ልጆችም ይቆጠራሉ። የ2 እና የ4 ዓመት ልጆች ካሏችሁ የቀራችሁ የትንሽ ልጅ ቦታ አንድ ነው። ገቢያችሁን ከማስላታችሁ በፊት ይህን አስሉ።

እንግሊዝኛ የሚያስፈራችሁ ብዙ ናችሁ። ደንቡ የሚለው ለሥራው የሚበቃ እንግሊዝኛ ይኑራችሁ ነው፤ አምቡላንስ ጠርታችሁ አድራሻ መናገር፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን መረዳት፣ መዝገብ በእንግሊዝኛ መያዝ። ከልጆቹ ጋር አማርኛ ማውራት አይከለከልም። ደንቡ ራሱ ልጆች የቤታቸውን ቋንቋ በጨዋታ እንዲጠቀሙ ዕድል ስጡ ይላል። እንግሊዝኛውንም ጎን ለጎን ማስለመድ አለባችሁ።

ደረጃ 5፦ ጤና

የጤና መግለጫ ቡክሌቱን በሐቅ ሙሉ። መድኃኒት መውሰድ በራሱ አያስከለክልም፤ መደበቅ ግን ያስከለክላል። በሐኪም የሚሞላ ነገር ካለ ክሊኒኩን ቀድማችሁ ጠይቁ። እንዲህ ያለ ወረቀት የነጻው ሕክምና አካል ስላልሆነ ብዙ ጂፒዎች (የሰፈር ሐኪሞች) ያስከፍላሉ፤ ሳምንታትም ሊፈጅ ይችላል።

ደረጃ 6፦ ቤቱን አዘጋጁ

ቅንጡ ቤት አይጠየቅም። ጓሮ ባይኖራችሁም በየቀኑ መናፈሻ መውሰድ ትችላላችሁ። ቦታው ግን በልክ ነው፤ ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ 3.5 ካሬ ሜትር፣ ለ2 ዓመት ልጅ 2.5፣ ከ3 እስከ 5 ላለው 2.3።

ቤቱን በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ ዙሩት። የምሬን ነው። በልጅ ቁመት ሲታይ ሌላ ቤት ነው። እኔ ስዞር ያየሁት፦ ከቲቪው ጀርባ የተንጠለጠለ ገመድ፣ ከሶፋው ሥር የወደቀ የራስ ምታት ክኒን፣ ከመታጠቢያው በታች የቆመ በረኪና፣ የመጋረጃ ማንሻ ገመድ ልክ አንገት ላይ በሚደርስ ከፍታ። ሁሉንም በአንድ ከሰዓት አስተካከልኩ።

የሚሠራ የጭስ አላርም፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም፣ የእሳት ብርድ ልብስ፣ የደረጃ መከላከያ፣ የሚቆለፍ የመድኃኒት ሳጥን ይኑራችሁ። ከአደጋ መውጫችሁንም በወረቀት ጻፉ።

ስለ ቡናችንም ልናገር። ከሰልና እጣን ልጆች ባሉበት ሰዓት ይቅር። መሬት የተቀመጠ ማጨሻና ትኩስ ጀበና ለሚድኽ ልጅ አደጋ ናቸው፤ በዝግ ቤት የሚነድ ከሰል ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቡናው ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ይደርሳል። ሲጋራና ቬፕም ልጆች ባሉበት ክልክል ነው፤ በረንዳም ላይ ቢሆን።

አከራያችሁን በጽሑፍ አስፈቅዱ። ብዙ የኪራይ ውል ቤቱን ለንግድ መጠቀምን ይከለክላል። ሳታስፈቅዱ ጀምራችሁ ቤት ልቀቁ ብትባሉ ልጆቹም ወላጆቹም ሜዳ ላይ ይቀራሉ።

ደረጃ 7፦ ማመልከቻውን ሙሉ

በኦፍስቴድ ድረ ገጽ በኦንላይን ይሞላል። በአንድ ጊዜ መጨረስ የለባችሁም፤ እያስቀመጣችሁ መቀጠል ይቻላል።

ፎርሙ የትኛው መዝገብ ላይ መግባት እንደምትፈልጉ ይጠይቃል። የ«ኧርሊ ይርስ» መዝገብ ልጁ 5 ዓመት ከሞላው በኋላ እስካለው ኦገስት 31 ድረስ ነው። የ«ቻይልድኬር» መዝገብ ከዚያ በላይ ላሉት ነው፤ እስከ 8 ዓመት ያለው ክፍል ግዴታ ሲሆን ከ8 በላይ ያለው በፈቃደኝነት ነው። ሁሉንም ምረጡ። ምክንያቱ ይህ ነው። ትንሹን ልጅ የምትይዙለት ቤተሰብ ነገ ትልቁን የ9 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ያመጣል። በፈቃደኝነቱ ክፍል ካልተመዘገባችሁ ለትልቁ ድጎማ አይሠራም። እኔ ሁሉንም መርጬ የከፈልኩት 35 ፓውንድ ነው፤ በየዓመቱ ይከፈላል።

ከዚህ በኋላ ውሳኔው እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሀል ልጅ መያዝ አትጀምሩ። «አመልክቻለሁ» ማለት «ተመዝግቤያለሁ» ማለት አይደለም።

ደረጃ 8፦ የኦፍስቴድ ጉብኝት

ኢንስፔክተር ቤታችሁ ትመጣለች። ቤቱን ታያለች፣ ሰነዶቹን ታያለች፣ ከዚያ ትጠይቃለች። የምትጠይቃችሁ ከሞላ ጎደል ይህን ነው፦ ልጁ ጠዋት ሲመጣ ክንዱ ላይ ሰንበር ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ? ወላጅ ጠጥቶ ልጁን ሊወስድ ቢመጣስ? በራሳችሁ ቤተሰብ ላይ ክስ ቢነሳ ለማን ታሳውቃላችሁ? ሕፃን እንዴት ይተኛል?

የመጨረሻው መልስ፦ በጀርባው፣ ጠንካራና ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ፣ ትራስ ሳይኖር። እናቶቻችን ያስተኙን በሌላ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን በጀርባው ነው።

ለሰንበሩ ጥያቄ «እናቱን እጠይቃታለሁ» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። ያያችሁትን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ የካውንስሉን የልጆች ደኅንነት ቡድን ታነጋግራላችሁ። ስልክ ቁጥሩን ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። በራሳችሁ ወይም በቤታችሁ ሰው ላይ ክስ ቢነሳ ደግሞ ኤልኤዲኦ ለሚባለው የካውንስሉ ባለሥልጣንና ለኦፍስቴድ ይነገራል። መልሱን በራሳችሁ ቃል፣ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ።

ደረጃ 9፦ ሰርተፊኬቱ ሲመጣ

ሰርተፊኬቱ ላይ የምዝገባ ቁጥራችሁ አለ። ወላጆች ድጎማ ሲጠይቁ የሚሰጡት ይህን ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ልጅ ከመግባቱ በፊት የፐብሊክ ላያቢሊቲ ኢንሹራንስ (በሥራችሁ ሰው ቢጎዳ የሚሸፍን) ግቡ። የቤት ኢንሹራንሳችሁንም አሳውቁ። ልጆችን በመኪና የምታመላልሱ ከሆነ የመኪናውም ውል የሥራ ጉዞን ይጨምር። ፎቶና መረጃ በስልክ ወይም በኮምፒውተር የምትይዙ ከሆነ አይሲኦ (የሰዎችን የግል መረጃ ጥበቃ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት) ዘንድ ዓመታዊ ክፍያ ከፍላችሁ ተመዝገቡ።

ደረጃ 10፦ ድጎማው የሚገባባቸው ሦስት በሮች

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ክፍል ነው። ብዙ ሰው ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ወላጅ ይጠብቃል። ወላጅ ይመጣና «ሲስተሙ ላይ ስምሽ የለም» ይላል። ኦፍስቴድ ይመዘግባል እንጂ ገንዘብ አያመጣም። ሦስቱን በር እያንዳንዳቸውን ራሳችሁ ትከፍታላችሁ።

*አንደኛው በር፣ ታክስ ፍሪ ቻይልድኬር።* ወላጁ በኦንላይን አካውንት ይከፍትና 8 ፓውንድ ባስገባ ቁጥር መንግሥት 2 ይጨምርለታል። በ3 ወር እስከ 500፣ በዓመት እስከ 2,000 ፓውንድ ለአንድ ልጅ። ልጁ አካል ጉዳተኛ ከሆነ እስከ 4,000። የወሩ ሒሳባችሁ 400 ፓውንድ ቢሆን ወላጁ 320 ያስገባል፣ 80 ከመንግሥት ይመጣል፣ እናንተ 400 ይደርሳችኋል።

እናንተ የምታደርጉት፦ መጀመሪያ ኤችኤምአርሲ (የታክስ መሥሪያ ቤቱ) ዘንድ በግል ሥራ ተመዝገቡ፤ 10 አሃዝ ያለው የታክስ ቁጥር ይመጣላችኋል። ይህ ሳምንታት ስለሚፈጅ ቀድማችሁ ጀምሩት። ከዚያ የታክስ ፍሪ ቻይልድኬር አቅራቢ ሆናችሁ በኦንላይን ግቡ፤ የባንክ ቁጥራችሁን ታስገባላችሁ። ስማችሁና ፖስት ኮዳችሁ ኦፍስቴድ ዘንድ ካለው ጋር አንድ ካልሆነ ሲስተሙ አይቀበላችሁም። የፊደሉን ነገር ያነሳሁት ለዚህም ነው።

*ሁለተኛው በር፣ የነጻ ሰዓቶች።* ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ብቁ የሆኑ ሠራተኛ ወላጆች ልጃቸው 9 ወር ከሞላው ጀምሮ በሳምንት 30 ሰዓት ያገኛሉ፤ በዓመት ለ38 ሳምንት። የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ወላጅ ቢሠራም ባይሠራም 15 ሰዓት አላቸው። አንዳንድ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ለ2 ዓመት ልጅ 15 ሰዓት ያገኛሉ። እዚህ የሚከፍላችሁ ካውንስሉ ነው። ውል ፈርማችሁ ፖርታላቸው ላይ ትገባላችሁ።

ሠራተኛው ወላጅ 11 አሃዝ ያለው ኮድ ያመጣላችኋል። ኮዱ ተርሙ (የትምህርት ወቅቱ) ከመጀመሩ በፊት መውጣት አለበት፤ በሴፕቴምበር ለሚጀምረው እስከ ኦገስት 31፣ በጃንዋሪ ለሚጀምረው እስከ ዲሴምበር 31፣ በኤፕሪል ለሚጀምረው እስከ ማርች 31። በአንድ ቀን ያሳለፈች እናት አንድ ሙሉ ተርም ከኪሷ ከፍላለች። ኮዱን ወላጁ በየ3 ወሩ ማደስ አለበት። እኔ ከቀኑ ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ለወላጆቼ መልእክት እልካለሁ። ግዴታዬ ባይሆንም ለሁላችንም ይበጃል።

ማስጠንቀቂያ፦ በነጻው ሰዓት ላይ የግዴታ ጭማሪ መጠየቅ አይፈቀድም። ለምግብና ለዳይፐር ማስከፈል ትችላላችሁ፤ ግን ወላጁ «የራሴን አመጣለሁ» ማለት መቻል አለበት።

*ሦስተኛው በር፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት።* ይህ መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በየወሩ የሚሰጠው ድጋፍ ነው። እዚህ እናንተ የምትመዘገቡበት ቦታ የለም፤ ሥራችሁ ደረሰኝ መስጠት ነው። ወላጁ መጀመሪያ ይከፍላችኋል፤ ከዚያ ለዩኒቨርሳል ክሬዲት አሳውቆ እስከ 85 በመቶ ይመለስለታል። ጣሪያው በ2025/26 ለአንድ ልጅ በወር 1,031.88 ፓውንድ፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ 1,768.94 ነበር። አዲስ ሥራ የጀመረ ወላጅ የመጀመሪያውን ክፍያ ከየት ላምጣ ቢላችሁ ጆብሴንተር ያለውን የሥራ አማካሪውን ይጠይቅ። ለዚህ የሚሆን የእገዛ ገንዘብ አላቸው፤ ካልጠየቁት ግን አይነግሩም።

ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው፦ ስማችሁ፣ አድራሻችሁ፣ የኦፍስቴድ ቁጥራችሁ፣ የልጁ ስም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት በስንት ፓውንድ፣ ጠቅላላው፣ የተከፈለበት ቀን፣ ፊርማ። «600 ፓውንድ ተቀብያለሁ» ብቻ የሚል ወረቀት ተመላሽ ይሆናል። ክፍያውን በባንክ ተቀበሉ። በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ማስረጃ የለውም።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ፦ ታክስ ፍሪ ቻይልድኬርና ዩኒቨርሳል ክሬዲት አብረው አይሄዱም። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ ያለ ወላጅ ታክስ ፍሪውን ቢጀምር ክሬዲቱ ሊቋረጥበት ይችላል፤ የቤት ኪራዩም እዚያ ውስጥ ነው። ወላጅ «የቱ ይሻለኛል?» ሲላችሁ በግምት አትምከሩ። የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ያለውን ማስሊያ አብራችሁ ክፈቱት። የነጻ ሰዓቶቹ ግን ከሁለቱም ጋር ይሄዳሉ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- የ6 ሰዓቱን የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ መውሰድ።
- ቤት ውስጥ ያለን 16 ዓመት የሞላው ሰው አለመጻፍ።
- የአፕዴት ሰርቪሱን 30 ቀን ማሳለፍ።
- ለመስካሪነት የቤተሰብ ሰው መስጠት፤ የሥራ አለቃ ወይም የልጆቻችሁ መምህር ይሻላል። መስካሪዎቻችሁን ኢሜይል እንደሚመጣላቸው ንገሯቸው፤ ብዙ ማመልከቻ የሚቆመው መልስ ባለመስጠት ነው።
- ከወላጅ ጋር ያለ ጽሑፍ ውል መጀመር። «እንተዋወቃለን» ጥሩ ነው፤ ግን ዕረፍት ስትወጡ፣ ልጁ ሲታመም፣ ዘግይተው ሲመጡ ማን ምን እንደሚከፍል የሚጽፈው ውሉ ነው።
- የታክስ ወረቀት አለመያዝ። የምግብ፣ የመጫወቻ፣ የኮርስ ደረሰኝ ከመጀመሪያው ቀን አስቀምጡ።

ከተመዘገባችሁ በኋላ

16 ዓመት የሞላው አዲስ ሰው ቤታችሁ ሲገባ፣ ወይም የራሳችሁ ልጅ 16 ሲሞላው፣ በ14 ቀን ውስጥ ለኦፍስቴድ አሳውቁ። በልጅ ላይ ከባድ አደጋ ቢደርስም እንዲሁ በ14 ቀን ውስጥ ነው። ቤት የምትቀይሩ ከሆነ ከመዛወራችሁ በፊት ንገሯቸው፤ የታክስ ፍሪ ቻይልድኬሩንም አድራሻ በዚያው ሳምንት አስተካክሉ።